እናቴን ስሙን ሰምቼ በማላውቀው አየር መንገድ ልላካት? ከደሴ እስከ ሚኒያፖሊስ

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ከሰኞ ገበያ። ምክር ፈልጌ ነው።

እህቴ ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖረው። ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናታችን ሄዳ እንድታርሳት ነው ሐሳቡ። ቪዛው አልሐምዱሊላህ ተገኝቷል። የቀረው ትኬቱ ነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት በሱ ነው።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ከደሴ ርቃ የሄደችው አዲስ አበባ ድረስ ነው፣ እሱም በመኪና። አማርኛ ታነባለች፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ጉልበቷንም ያማታል።

ሁለት አማራጭ አለኝ። አንዱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ዋሽንግተን፣ ከዚያ በአሜሪካው አየር መንገድ በዩናይትድ እስከ ሚኒያፖሊስ ነው። ሌላውን አዲስ አበባ ያለ ኤጀንት በቴሌግራም ነው የላከልኝ። 46 ሺህ ብር ይረክሳል። በአንድ የዓረብ አገር አየር መንገድ አውሮፓ ድረስ ትሄዳለች፣ ከዚያ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ሌላ አየር መንገድ ይቀበላታል። አውሮፓ ላይ 11 ሰዓት ትጠብቃለች።

46 ሺህ ብር ለኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለአራሷ የሚላከው ዕቃ ሁሉ ከሱ ይወጣ ነበር። ስም የሌለው አየር መንገድ እውነት ያሰጋል? ወይስ ስላላወቅኩት ብቻ ነው የፈራሁት?

ጦሳ ሥር

አብሽር ወንድሜ። እንኳን ቪዛው ተገኘላችሁ፣ ትልቁ እሱ ነበር።

እኔ ብሆን ተበድሬም ቢሆን በኛው እልካቸዋለሁ። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይናገራሉ። ውሃ ሲጠማቸው «ልጄ፣ ውሃ» ይላሉ፣ ይመጣላቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈር ትልቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመርሳ ልጅ

እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልበል። ከአገር ወጥቼ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ እዚህ ማንም በማያውቃቸው አየር መንገዶች ብዙ ተመላልሻለሁ። አብዛኛው ጉዞዬ ሰላም ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም ከትልልቆቹ የተሻለ ነበር።

እኛ ስሙን አልሰማነውም ማለት አየር መንገዱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የኛው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ ካይሮ ላይ ስሙን የሚያውቀው ስንት ሰው ነበር? ደሴ ላይ ያልተሰማ ስም የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይኪያቪክ ላይ ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከስሙ ይልቅ ሁለት ነገር እይ። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው አዮሳ የሚባል የደኅንነት ኦዲት አለ። ያለፉት አየር መንገዶች ዝርዝር ድረ ገጽ ላይ ተለጥፏል፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሰማዩን የከለከላቸው አየር መንገዶች ዝርዝር አለው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያደሰ ያወጣዋል። የመጀመሪያው ላይ ካለ፣ ሁለተኛው ላይ ከሌለ፣ በደኅንነት በኩል ልብህ ይረፍ።

ሌላው ትኬቱ ላይ የተጻፈው ስምና የሚያበረው አውሮፕላን የተለያየ ሊሆን ይችላል። ኮድሼር ይሉታል። የበረራ ቁጥሩ የትልቁ አየር መንገድ ሆኖ አውሮፕላኑ የሌላ ይሆናል። ትኬቱ ላይ ከቁጥሩ በታች በትንሹ «የሚያበረው እገሌ ነው» የሚል አለ። እሱን አንብብ።

ቦርከና ዳር

አሁን ሁለቱንም ዝርዝር ከፍቼ አየሁ። አየር መንገዱ አዮሳ ላይ አለ፣ የአውሮፓው ክልከላ ላይ የለም። ትንሽ ቀለል አለኝ። ታዲያ ርካሹን ልግዛው?

ትኬት ቤት ኮምቦልቻ

ቆይ ወንድሜ፣ እንዳትከፍል። አየር መንገዱ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ትኬቱ ግን ደህና ላይሆን ይችላል።

ኮምቦልቻ ትኬት ቢሮ ውስጥ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰው መጥቶ የሚጠይቀኝ «አየር መንገዱ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። «ስንት ትኬት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አንተ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ይህንን ነው።

ሁለት አየር መንገድ በአንድ ትኬት ላይ ሲሆን ሁለቱ ተነጋግረዋል ማለት ነው። ሻንጣው ይተላለፋል። የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ ማሳፈር የነሱ ዕዳ ነው። ሁለት የተለያየ ትኬት ከሆነ ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የመጀመሪያው እናትህን አውሮፓ አውርዶ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። ሁለተኛው ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል። መሃል ላይ የሚቀሩት እናትህ ናቸው።

አንዳንድ ኤጀንትና አንዳንድ ድረ ገጽ ሁለቱን ትኬት አንድ ገጽ ላይ አሳምሮ ይደረድራቸዋል። አንድ ጉዞ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የምትለይበት መንገድ ይኸውልህ። የተቆረጠ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ትኬቱን የቆረጠውን አየር መንገድ ይናገራሉ። የኢትዮጵያ 071 ነው፣ የቱርክ 235፣ የሳዑዲያ 065። መላው መንገድ በአንድ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ሥር ከሆነ ትኬቱ አንድ ነው። ሁለት የተለያየ መነሻ ያላቸው ቁጥሮች ካሉ፣ ሁለት ትኬት ነው የምትገዛው።

ኤጀንቱ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ ብቻ ከላከልህ ደግሞ እሱ ትኬት አይደለም። ቦታ መያዙን ብቻ ነው የሚያሳየው። ገንዘብ ተቀብለው ያንን ልከው የጠፉ አሉ። ከከፈልክ በኋላ ባለ 13ቱን ቁጥር ተቀበል። ከዚያ አየር መንገዱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ በኮዱና በእናትህ ስም አረጋግጥ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ላይ ናት። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው፣ ስለዚህ እናትህ በአንድ ትኬት ከሆነ ያልፋሉ። ሁለት ትኬት ከሆነ ግን ሻንጣቸውን ለመቀበልና እንደገና ለማስረከብ ከትራንዚቱ ክልል መውጣት ይኖርባቸዋል። መውጣት ማለት አገሪቱ መግባት ነው። ለዚያ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ የአሜሪካው አያስገባም። ይህን የሚያውቅ የቦሌ ሠራተኛ ገና ከመነሻው ሊያስቀራቸው ይችላል፣ ልክም ነው። ካላስቀራቸው ደግሞ አውሮፓ ላይ ይቀራሉ።

የከሚሴው

ትኬት ቤት ያለው በሙሉ በኔ ላይ ደርሷል። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፣ ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው።

ሥራ አግኝቼ ስሄድ ነው። ሁለት ትኬት መሆኑን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው በረራ አራት ሰዓት ዘገየ። ስደርስ ሁለተኛው ሄዷል። ወደ ባንኮኒው ሄድኩ፣ «የኛ መንገደኛ አይደለህም፣ ያመለጠህ የሌላ ድርጅት ነው» አሉኝ። ወደ ሌላው ሄድኩ፣ «በሰዓቱ አልቀረብክም፣ ትኬትህ ተቃጥሏል» አሉኝ። ሁለቱም ትሕትና አልጎደላቸውም። ሁለቱም በሕጋቸው ልክ ነበሩ።

ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አደርኩ። ሻንጣዬ የት እንዳለ አላውቅም። ቋንቋ እችላለሁ፣ 29 ዓመቴ ነበር፣ ጤነኛ ነበርኩ። ግን ሁለተኛው ሌሊት ላይ አልቅሻለሁ። አዲስ ትኬት የገዛልኝ አጎቴ ነው፣ ያተረፍኩት ሦስት እጥፍ ሆኖ ወጣ።

እዚያ ወንበር ላይ እናትህን ሳስባቸው አልቻልኩም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ቦርከና ዳር

አላህ ይስጣችሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ኤጀንቱ ጋ ደወልኩ። «ትኬቱ አንድ ነው ሁለት?» አልኩት። «ያው ነው፣ ችግር የለውም» አለኝ። «ባለ 13ቱ ቁጥር በምን ይጀምራል?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «የመጀመሪያውን ለብቻ፣ ሁለተኛውን ለብቻ ነው የምቆርጠው፣ ዋጋው የረከሰው በዚያ ነው» አለኝ። ሻንጣስ አልኩት። ሁለተኛው አየር መንገድ ላይ ሻንጣ ለብቻው ይከፈላል አለኝ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ማዶ

የሻንጣውን ነገር አስላው እንግዲህ። የኛው ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። ርካሹ ላይ ሁለት ሻንጣ ስትከፍል፣ 11 ሰዓት ሲጠብቁ የሚበሉትን ስትጨምር፣ ከ46 ሺው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ገንፎ ዱቄቱ፣ በሶው፣ በርበሬው መቼስ አይቀርም። እናት ባዶ እጇን አራስ ቤት አትገባም።

የመርሳ ልጅ

ትኬት ቤት ልክ ነው፣ እኔ ደኅንነቱን ብቻ ነበር ያየሁት። በሁለት ትኬት ከሆነ እኔም አልመክርም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ትንንሽ አየር መንገዶች ላይ የማየው ትልቁ ስጋት አውሮፕላኑ መውደቁ አይደለም፣ ድርጅቱ መክሰሩ ነው። የአይስላንዱ ዋው ኤር እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2019 በአንድ ማለዳ ሥራ አቆመ። ትኬት የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ነው የሰማው። በዚያው አገር ከሱ በኋላ የተቋቋመው ፕሌይም መስከረም 29 ቀን 2025 እንዲሁ ቆመ። ስም ያለውም ከዚህ አያመልጥም፣ 178 ዓመት የኖረው የእንግሊዙ ቶማስ ኩክም በ2019 ወድቋል። ውጭ ያለ ሰው በክሬዲት ካርድ ሲከፍል ባንኩ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ ይኖረዋል። አንተ ግን ለኤጀንት ሂሳብ ብር ካስገባህ ማንን ትጠይቃለህ? እህትህ በካርዷ ብትቆርጠው ይሻላል።

ቦርከና ዳር

እህቴም ይህንኑ አለች። አንድ ጥያቄ አለኝ። የኛው «ቀጥታ ዋሽንግተን» ነው ይላሉ፣ ግን መሃል ያርፋል ሲሉም ሰማሁ። እናቴ እዚያ ወርዳ ትቸገር ይሆን?

ጦሳ ሥር

ያርፋል፣ ግን አያሳስብህ። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ሻንጣ ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ነዳጅ ይሞላል። ሲመለስ ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚገፋው፣ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ነዳጅ ሲሞላ መንገደኛው ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው አይነሳም። እናትህ «ደረስን» ብለው ዕቃቸውን እንዳያነሱ ብቻ አስቀድመህ ንገራቸው። የኔ አክስት ልትወርድ ተነስታ ነበር።

ሚኒሶታ ያለሁ

እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ነው የምኖረው። እናቴን ሁለቴ አምጥቻለሁ። እስካሁን ያልተነሳውን ልንገርህ።

በአንድ ትኬትም ቢሆን ዋሽንግተን ላይ ሻንጣቸውን ራሳቸው መቀበል አለባቸው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በሚረግጡበት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም። ሻንጣውን አንስተው፣ በጉምሩክ አልፈው፣ እዚያው በር ላይ ላለው ተቀባይ መልሰው ይሰጣሉ። ከዚያ ነው ወደ ሚኒያፖሊሱ በረራ የሚሄዱት። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ተኩል ክፍተት ያለው ትኬት ከሰጡህ እንቢ በል።

ዊልቸር አስመዝግብላቸው። በነፃ ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ወይም ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ደውለህ ታስመዘግባለህ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሃል፣ መብታቸው ነው። አንድ ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን፣ በሻንጣ፣ በጉምሩክ አሳልፎ ቀጣዩ በር ድረስ ያደርሳቸዋል። ዋሽንግተን ላይ የኛ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በዊልቸር ተሰልፈው ስታይ ልብህ ይሞላል።

ወረቀት ጻፍላቸው። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፦ ማን ጋ እንደሚሄዱ፣ የእህትህ አድራሻና ስልክ፣ ለምን እንደመጡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ፣ «አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው» የሚል። በሌላው በኩል በአማርኛ፣ በደንብ በትልቁ፦ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን። እናቴ ያንን ወረቀት መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት ይዛው ነበር።

ምግቡን በተመለከተ፣ ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ አይሁን። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ዕቃ ከያዙ ሊፈተሽና ሊቀር ይችላል። በሶውም በርበሬውም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ቋንጣ ይቅር፣ ሥጋ አያስገቡም። የያዙትን ምግብ ሁሉ ደግሞ «ምግብ አለኝ» ብለው ይናገሩ። ያልተናገሩት ሲገኝ ነው ቅጣቱ።

ትኬት ቤት ኮምቦልቻ

ሦስት ሰዓቱ ልክ ነው። ከኮምቦልቻ ጀምሮ በዚያው ትኬት ላይ አስጨምረው። የአገር ውስጡ በረራ ቢዘገይ ኃላፊነቱ የነሱ ይሆናል። ለብቻው ከገዛኸው ያው ወደ ሁለት ትኬት መመለስህ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ከሚሄዱ ይሻላቸዋል።

ደግሞ ሰዓቱን ጠንቅቀህ እይ። በዚህ የሚያመልጠው ሰው ብዛቱ! ትኬት ላይ «14ኛው ቀን፣ 00:50» ካለ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:50 ነው፣ ያውም 13 አምሽቶ ለ14 አጥቢያ። ሰው በ14ኛው ቀን ሙሉ ቀን ውሎ ማታ ቦሌ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ሄዶ ቀን ሞልቶታል። ወሩም የፈረንጅ ነው። ስሙንም ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጥ። «መሐመድ» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ተደርጎ እንደሚጻፍ ታውቃለህ።

የከሚሴው

ቦሌ ላይ አደራ የምትሰጥበት ሰው ፈልግ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ወገን አይጠፋም። ዓይን ዓይኑን አይተህ «እናቴን አደራ» በለው። አደራ የሚበላ መንገደኛ እስካሁን አላየሁም።

ቦርከና ዳር

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ዝም ብዬ የጠፋሁ እንዳይመስላችሁ።

እህቴ በካርዷ ቆረጠችው። ከኮምቦልቻ እስከ ሚኒያፖሊስ አንድ ቁጥር፣ መነሻው 071። ዋሽንግተን ላይ አራት ሰዓት ክፍተት። የጎደለውን ብር አጎቴና ጎረቤቶቻችን ሞሉት። እኔ እስከ ቦሌ አብሬያት በረርኩ። ሰልፉ ላይ ወደ ሜሪላንድ የምትሄድ የላሊበላ ልጅ አገኘሁ። አደራ አልኳት። እናቴን እጇን ይዛ ገባች።

ዋሽንግተን ላይ ዊልቸሩን ይዞ የጠበቃት ሰው ሐበሻ ነበር። «እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት። እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሦስቴ ደገመችው።

የወልድያዋ እህቴ፣ ወረቀቱ ሠርቷል። እስካሁን ትራስዋ ሥር ነው። ከሻንጣው የጎደለ የለም፣ የገንፎው ዱቄትም ገብቷል። እህቴ ገና አልወለደችም፣ ቀኗን እየጠበቀች ነው።

ሚኒሶታ ያለሁ

አልሐምዱሊላህ በልልኝ! እህትህን ማርያም በሽልም ታውጣት። ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ስትወልድ ገንፎው ላይ እገኛለሁ።

ቦርከና ዳር

አሚን። እናቴ ትጠብቅሻለች።